የተዘቀዘቀው ኮከብ

ይህን ኋላ ላገባሁት ባሌም ለፓስተራችንም ነግሬ አላውቅም። ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

ሶዶ ገበያ ውስጥ እትዬ አስቴር የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ስፌት ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ ሱቋ ውስጥ ከጎኗ አስቀምጣ ታሠራኝ ነበር። ሠርጌ ሲቃረብ የእጮኛዬ እናት ከአረካ መጥታ ስለ ዘሬ ጠየቀቻት። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ልብስ እየተኮስኩ ነበር።

«ልጅቷስ ጨዋ ናት» አለቻት አስቴር። «ግን እናቷ ሸክላ ሠሪ ናት። እኔ ብሆን ለልጄ አላመጣትም።»

በኛ አገር ከሸክላ ሠሪ ልጅ ጋር ጋብቻ የለም። ሠርጉ በዚያው ቀረ። በማግስቱ ምንም እንዳላደረገች «እህቴ፣ እስቲ ክር አቀብዪኝ» አለችኝ። አቀበልኳት። ያን ዕለት ነው ልበቀላት የቆረጥኩት።

የሰንደቅ ዓላማ ቀን ሲደርስ አስቴር ባንዲራ እንድትሰፋ ታዘዘች። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀዩን እሷ ገጣጠመች፤ መሃሉ ላይ የሚያርፈውን ሰማያዊ ክብ እንድሰፋ ለኔ ሰጠችኝ። ትዕዛዙን ያመጣው ሹም «ሰማያዊው ሰላም ነው፤ ኮከቡ የብሔር ብሔረሰቦች እኩልነት ነው» ሲለን አስቴር አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችው። እኩልነት! እኔን ከማን ጋር እኩል አድርጋኝ ነው? ክቡን አዞርኩና የኮከቡን ጫፍ ቁልቁል አድርጌ ሰፋሁት። ተሳስቼ አይደለም። እኔ፣ በእጄ፣ እያወቅሁ ዘቀዘቅሁት። አጣጥፌ ሰጠኋት። አምናኝ ሳትዘረጋው አስረከበች።

ባንዲራው ሲሰቀል ሰው ሁሉ ወደ ላይ ያያል፤ እኔ የአስቴርን ፊት አያለሁ። አመድ መሰለ።

«ይሄ ሆን ተብሎ ነው! ማነው የሰፋው?» ሹሙ ጮኸ።

ወደ እኔ ዞረች። «ተናገሪ እንጂ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሥራው የእትዬ ነው» አልኩ።

ታሰረች። ስትፈታ ባንዲራ ያዋረደች ተብላ ደንበኛ ሸሻት፤ ሱቋን ዘግታ ገሱባ ከተማ ያለ ወንድሟ ቤት ገባች። ደንበኞቿን እኔ ወሰድኩ። አዝኜ ነበር? ለምን ልዋሻችሁ? ደስ ብሎኛል። በደሏን አንስቼ ኃጢአቴን ላቃልል ብል ደግሞ ማንን አታልላለሁ? ዘሬን የሰደበችው እሷ ናት፤ ኮከቡን የዘቀዘቅሁት ግን እኔ ነኝ።

ከዓመታት በኋላ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ገሱባ ሄድኩ። ገበያው ዳር ተቀምጣ የተቀደደ ጆንያ በእጇ ትሰፋለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«መውደቄን ልታዪ ነው የመጣሽው?»

ይቅርታው አፌ ላይ ነበር።

«አዎ» አልኳት።