ሳይለምን የሚያመሰግነው
ሰፈርተኛው «አለሁልህ» ይለዋል። ሥራ የፈለገ፣ ዝውውር የጠበቀ፣ ፈቃድ የተከለከለ ሁሉ ማመልከቻውን ይዞ እሱ ቤት ይሄዳል። እሱም መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ «በቃ፣ ለኔ ጣለው» ይላል። ባለጉዳዩ ከወጣ በኋላ ማመልከቻው ቁምሳጥኑ ሥር ካለ ካርቶን ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያየውም። በሃያ ዓመት ውስጥ አንድም ሹም ለምኖ አያውቅም። የለመነ ሰው እምቢ ሊባል ይችላላ!

ጉዳዩ ያልተሳካለትን፣ «ዘገየህብኝ፣ ወዳጄ» ብሎ ይሸኘዋል። የተሳካለት እንደሆነ ግን በማግሥቱ ኮቱን ለብሶ ሹሙ ቢሮ ይገባና፣ ከወገቡ እጥፍ ብሎ፣ «ለዚያ ልጅ ስለዋሉለት ውለታ እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ሹሙ የትኛው ልጅ እንደሆነ አያስታውስም፤ ዳሩ ግን ያልሠራውን ደግነት «የኔ አይደለም» ብሎ የሚመልስ ሹም ገና አልተወለደም። ሹሙ ውለታ የዋለ፣ ባለጉዳዩ ውለታ የተዋለለት ይመስለዋል። ከሁለት ባዶ ነገሮች መሐል አንድ ሰው ኑሮውን ያወጣል።

የእህቱ ልጅ የውኃ ምርመራ ላቦራቶሪ የገባችው ፈተናውን አንደኛ ወጥታ ነው። አለሁልህን ግን ሰው ያለ ባለውለታ በራሱ እግር ሲቆም ማየት ያመዋል። ሄዶ ሥራ አስኪያጁን አመሰገነ።

በሦስተኛው ወር ልጅቷ በሩን በርግዳ ገባች።

«ጋሼ፣ ማን አመስግንልኝ አለህ?»

«ምን ሆንሽ ልጄ? ምስጋና ማንን ይጎዳል?»

«ሥራ አስኪያጁ ያልመረመርኩትን የፋብሪካ ፍሳሽ ‹ንጹሕ ነው› ብለሽ ፈርሚ አለኝ። ‹ለምን እኔ?› ብለው፣ ‹አንቺ የኛ ልጅ አይደለሽ? አጎትሽ መጥተው አመስግነውኝ የለ!› አይለኝም መሰለህ? ነገ አብረን እንግባና ‹በራሷ ነው የተቀጠረችው፣ እኔ ዋሽቼ ነው› በለው።»

«ኧረ ባክሽ! እኔ ትልቅ ሰው...»

«ፍሳሹ የሚገባበትን ውኃ ሕፃናት ይጠጡታል፣ ጋሼ!»

«እሺ እሺ፣ አትጩኺ። በሁለት ሰዓት መሥሪያ ቤትሽ በር ላይ ጠብቂኝ።»

ጠዋት ኮቱን ለበሰ። ከዚያ አሰበ፤ አንዷ ምስጋና ውሸት ከሆነች የሌሎቹስ? ሰላምታውን፣ ሠርግ ላይ የሚለቀቅለትን የፊት ወንበር፣ ጤና ጣቢያ ነርሷ ያለ ወረፋ እንደምታስገባው አስታወሰ። ኮቱን አወለቀና ሆዱን አመመው። በእርግጥም አመመው፤ እንዲህ ያለ ሰው ሆዱ እንኳ ይታዘዝለታል።

ልጅቷ እስከ ሦስት ሰዓት ጠብቃ ብቻዋን ገባች። አልፈርምም አለች። ከመመርመሪያው ክፍል አውጥተው የናሙና ጠርሙስ አጣቢ አደረጓት፤ ወረቀቱን ሌላ ሰው ፈረመው።

አለሁልህ ይህን ሲሰማ ሆዱ ተሻለው። ኮቱን ለብሶ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባና፣ «ስላላባረሯት እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ከዚያ በቀጥታ እህቱ ቤት ሄደ።

«ሊያባርሯት ነበር እኮ፤ እኔ ባልደርስ ኖሮ!»

እህቱ እጁን ይዛ ማልቀስ ጀመረች። ልጅቷ ከጓዳ ወጣች፤ ጣቶቿን የጠርሙስ ማጠቢያው መድኃኒት ልጧቸዋል።

«እማዬ፣ እጁን ልቀቂው።»

«አንቺ ውለታ ቢስ! ነይና አጎትሽን አመስግኚ!»

«ተያት» አለ አለሁልህ፣ ቅር ሳይለው። «ልጅ አይደለች?»