ቺዙ ራኬቷን የሰቀለችበት ሳምንት

ልጅ እያለሁ ክፉ ነበርኩ። እንዲህ ስል የሚያውቁኝ ይስቃሉ፤ ልጅ ሁሉ ተንኮለኛ ነው ይሉኛል። የእኔ ግን ተንኮል አይደለም፣ ክፋት ነው። የአንዲት ጃፓናዊት ቴኒስ ተጫዋች የስንት ዓመት ልፋት በስደት በምንኖርባት በዲኬተር ከተማ፣ እኛ ቤት፣ በአንድ ራት አበቃ። ያንን ያደረግኩት እኔ ነኝ፣ በአሥር ዓመቴ።

እናቴ ያኔ አንድ የቴኒስ ክለብ ኩሽና ውስጥ ትሠራ ነበር። ክለቡ በየበጋው አነስ ያለ የፕሮፌሽናል ሴቶች ውድድር ያዘጋጃል። የሚመጡት በቴሌቪዥን የምናያቸው ሀብታሞች አይደሉም፤ የሆቴል ሂሳብ የሚከብዳቸው ናቸው። ስለዚህ ለሳምንት የሚያሳድራቸው ቤተሰብ ይፈለጋል። እናቴ ማንም ሳይለምናት እሺ አለች። "እንግዳ በረከት ይዞ ነው የሚገባው" አለችኝ። በረከቱ የተኛው እኔ አልጋ ላይ ነው፤ እኔ ሳሎን ሶፋ ላይ ተጣልኩ።

ቺዙ ትባላለች። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ቀጭን፣ ስትራመድ እንኳ ኮቴዋ የማይሰማ። የቀኝ እጇ አንጓ ሁለት ጊዜ ኦፕራሲዮን ተደርጓል። ልጅ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሁሉንም ነገረችኝ። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ ከመጫወት ሌላ ሥራ አታውቅም። ደረጃዋ አንድ ሰሞን ከፍ ብሎ ነበር፤ እጇ ሲጎዳ ወረደ። እዚህ ፍጻሜ ከደረሰች ነጥቧ ለትልቁ ውድድር ማጣሪያ ይበቃታል፤ ካልደረሰች አገሯ ገብታ ራኬቷን ትሰቅላለች። እኔ ከዚያ ሁሉ ወሬ የያዝኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ከተሸነፈች ትሄድልኛለች።

እሷ ግን ማክሰኞ አሸነፈች፣ ረቡዕም አሸነፈች። እናቴ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ የመጫወቻ ሜዳው አጥር ሥር ቆማ "ጎሽ፣ ቺዙዬ!" ትላለች። እኔን ከክፍሌ አንደኛ ስወጣ እንዲያ ብላኝ አታውቅም። ቅናት አንጀቴን በላው።

እናቴን የከነከናት ሌላ ነበር። ቺዙ ሩዝ በእንቁላልና ሙዝ ብቻ ነበር የምትበላው፣ ያውም ራሷ ቀቅላ። "እኔ ቤት እንግዳ ለራሱ ይቀቅል? ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል!" ሐሙስ ከሥራ ስትመለስ ሥጋ ገዝታ መጣች፤ ክትፎ ሠራች፣ ቅቤና ሚጥሚጣው የተትረፈረፈ። ቺዙ ሳህኑን አይታ ወደ እኔ ዞረች። ለእናትሽ ንገሪልኝ አለች፤ በጣም ያምራል፣ ግን ሆዴ ደካማ ነው፣ ውድድሩ እስኪያልቅ ጥሬ ሥጋና ቅቤ አልነካም፣ እሑድ ሁሉንም እበላለሁ።

"ምን አለች?" አለች እናቴ።

"መብላት ፈልጋለች፣ አፍራ ነው። እነሱ አገር ሦስቴ ካልተለመኑ አይበሉም አለች።"

እናቴ ፊቷ በራ። "ታዲያ እንደ እኛው ናታ!"

ለቺዙ ደግሞ በእንግሊዝኛ፣ እኛ ዘንድ እንግዳ አልበላም ካለ ትልቅ ስድብ ነው፣ እናቴ ታለቅሳለች አልኳት። ቺዙ እናቴን አየቻት፤ እናቴ "አፈር ስሆን፣ በሞቴ" እያለች ጉርሻ ጠቅልላ ይዛ ቆማለች። ቺዙ አፏን ከፈተች። "አንድ ጉርሻ ያጣላል" አለች እናቴና ደገመቻት። ቺዙ ሳህኑ እስኪያልቅ ጎረሰች።

ዓርብ እኔና እናቴ አጥሩ ሥር ነበርን። ቺዙ አራት ለአንድ እየመራች ሳለ ራኬቷን ጥላ ወደ ጥግ ሮጠች፣ አስመለሳት። ተመለሰች፣ ተጫወተች፣ እንደገና ሮጠች። ሦስተኛው ላይ ቆማ መራመድም አቃታት። የተጋጣሚዋንና የዳኛውን እጅ ጨብጣ ወጣች። እናቴ መሬቱ ላይ የወጣውን አየች፤ የገዛ እጇ ሥራ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቀረች። እኔ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ደስ አለኝ።

ማታውኑ ሻንጣዋን ዘጋች። አንሶላዬን አጥፋ፣ አልጋዬን አንጥፋ፣ እናቴ ፊት ዝቅ ብላ እጅ ነሳች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ በደንብ ንገሪያት አለችኝ፣ ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ መብላቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ዓይኔን ነው የምታየው። ያወቀች መሰለኝ።

"ምን አለች?"

"አመሰግናለሁ አለች" አልኳት።

ስልኬ ላይ ስሟን ፈልጌ አውቃለሁ። የተጫወተቻቸው ጨዋታዎች በሙሉ ተዘርዝረዋል፤ መጨረሻው ያ የዓርቡ ነው፣ ከሱ በታች ምንም የለም። እናቴም ከዚያ ወዲህ ማንንም "በሞቴ" ብላ አታውቅም። ታቀርባለች፣ "ከተስማማህ ብላ" ትላለች፣ ወደ ኩሽናዋ ትመለሳለች። አንዳንዴ ከመሬት ተነስታ "ያቺን ልጅ እኔ ነኝ ያጠፋኋት" ትላለች፤ እኔም "ተይው እማዬ" እላታለሁ። ቺዙ ንገሪያት ያለችኝን ያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ብነግራት ቀጥሎ የምትጠይቀኝን አውቀዋለሁ፦ "ሐሙስ ማታስ ምን ነበር ያለችው?"

ባለፈው ወር ላገባው ያሰብኩትን ልጅ ላስተዋውቃት ቤት ወሰድኩት። አንዴ አቀረበችለት፣ አልደገመችውም። ወደምኖርበት ሰፈር ወደ ሚድታውን ስንመለስ ድራይቭ እያደረገ፣ "እናትሽ አልወደደችኝም መሰለኝ፣ ደግማ ብላ እንኳ አላለችኝም" አለኝ ቅር ብሎት።

"አይ፣ ድሮም እንዲህ ናት" አልኩት።