ከመንጋው ያልነበረችው ኮከብ

ወንድሟ «ላም አለኝ በሰማይ» የሚል ቅጽል ያወጣላት የሥነ ፈለክ ተማሪ፣ መስኮት በሌለው ቢሮ ተቀምጣ ዓይኗ እስኪቀላ የአንዲት ደብዛዛ ድንክ ጋላክሲ ከዋክብት ስንት ብረት እንዳላቸው ከብርሃናቸው ስትለካ ዓመታት አለፉ። አንዷ ብረት የላትም ቢባል ይቀላል፤ ይህ የጥንታዊ ኮከብ ምልክት ስለሆነ የመመረቂያ ጽሑፏ የቆመው በዚህች ኮከብ ላይ ነበር።

ዛሬ ከምሳ በኋላ አዲሱ የፍጥነት ልኬት ደረሰ። ጉደኛዋ ኮከብ ከሌሎቹ ጋር አትጓዝም፤ የራሳችን ጋላክሲ ኮከብ ሆና ሳለች ፊታቸው ተገትራ ነው ለካ እነሱን የመሰለችው። የተማሪዋን ልፋት ሁሉ ውሃ በላው። ለመናደድ እንኳ አቅም አጣች።

እናቷ ስትደውል፣ «እማዬ፣ ያቺ ኮከቤ የሩቆቹ አይደለችም፤ የእኛው ሰፈር ሆና አረፈችው» ብላ ነገረቻት።

«እሰይ፣ እሷስ ቅርብ ናት» አለች እናት። «አንቺስ መቼ ነው የምትመጪው?»