አንድ ምት ቁም፣ ሁለት ምት ወደ ላይ

ቲቤሪዩ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ስድስት መቶ ሜትር መሬት ውስጥ ሲወርድ ፈርቶ አያውቅም። እሱ የሚፈራው ከፍታ ነው። አንድ ፎቅ ሰገነት ላይ ቆሞ ልብስ ማስጣት እንኳ አይሆንለትም። ዕድል ግን ቀልድ ትወዳለችና፣ በአርባ ስድስት ዓመቱ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ማማ ላይ የሚያወጣ ሥራ አመጣችለት።

እሱ ይሠራበት የነበረው፣ በሸለቆዋ ከተማ በሉፔኒ ያለው የከሰል ጉድጓድ አፉ በኮንክሪት ከተደፈነ ዓመት ሊሞላው ነው። ከሰል ለሚተዉ አካባቢዎች ከአውሮፓ የሽግግር ገንዘብ ይመጣል ሲባል የሸለቆው ሰው «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ስቆ ነበር። አይፈረድበትም፤ ከዚህ በፊት በመጣው ገንዘብ አንዱን የእግረኛ መንገድ ሦስት ጊዜ አፍርሰው ሲሠሩት አይቷል። ይህችኛዋ ላም ግን ወረደች። ስድስት ወር የነፋስ ማማ ሥልጠና፣ ወር በወር የኪስ ገንዘብ፣ ሲያልቅ እዚያው አገር ውስጥ ሥራ።

አንድ ፈተና ብቻ አለው። የማማው ጫፍ ላይ ወጥቶ፣ ጣሪያው ላይ ካለው ብረት ራስን በመንጠቆ ማሰር። ሦስት ጊዜ ያቃተው ይሰናበታል። ቲቤሪዩ በማሠልጠኛው ግቢ የልምምድ ምሰሶ ላይ ሁለት ጊዜ አቅቶት፣ እንደ ጆንያ በገመድ አውርደውታል።

ሦስተኛውም ከከሸፈ መንገዱ የታወቀ ነው፤ ወንድሙ ወደ ሄደበት ወደ ስፔን፣ እንጆሪ ለቀማ። ከሁለተኛው ሙከራ በኋላ ሚስቱ ኦቲሊያ ሻንጣ አዘጋጅታ አልጋው ሥር ከተተች። ስለ ሻንጣው አንድም ቀን አልተነጋገሩም። እሱን ግን በፍራሹ አልፎ ጀርባውን ይቆረቁረው ነበር።

የመጨረሻው ፈተና ከሸለቆው ርቆ፣ በዶብሮጃ ሜዳ፣ እውነተኛ ማማ ላይ ነው። ስድስት ሆነው በአውቶቡስ ሄዱ፤ ሁሉም የጉድጓድ ሰዎች ነበሩ። ከመካከላቸው አፉ የማያርፈው ላቺ ከቲቤሪዩ ጋር አሥራ ሁለት ዓመት አብሮ ቆፍሯል።

«ቲቢ፣ ዛሬ ከወደቅህ አደራህን እኔ ላይ እንዳትወድቅ። ልጄን ገና አልዳርኩም» አለው።

«ሌላ የት ልውደቅ? ከዚህ ሁሉ ሰው ፍራሽ የሚያክል ሆድ ያለህ አንተ ብቻ ነህ» አለ ቲቤሪዩ።

አሠልጣኛቸው ሶራና ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ወጣት ናት። ሬዲዮዋን ይዛ ማማው ሥር ቆመች። «ጋሽ ቲቤሪዩ፣ እርስዎ ይቅደሙ። የፈራ ሰው ተራ ሲጠብቅ ይብስበታል።»

በሩን አልፎ ሲገባ ተገረመ። የማማው ውስጥ ክብ ጨለማ ነው፤ የብረት መሰላል፣ የቅባት ሽታ። የራስ ቁሩን መብራት አበራ። «ይሄማ የኛው ጉድጓድ ነው፤ ተገልብጦ ነው እንጂ» አለ ለራሱ። የማማውን ሰማንያ ሜትር እንደ ጎረምሳ ወጣው። አምስቱም ራቅ ራቅ ብለው ተከተሉት።

ጉዱ የመጣው ጫፍ ላይ ነው። የጣሪያውን ክዳን ሲከፍት ሜዳው ሁሉ ከሥሩ ተዘረጋ። መሰላሉን አጥብቆ ሲያቅፍ መንጠቆው ብረቱን መታ፤ አንድ ጊዜ፣ ጧ!

ከበታቹ ያለው ሰው ሁሉ ባለበት ቀጥ አለ።

በሸለቆው ጉድጓድ፣ ሰው የሚያወርደውና የሚያወጣው ሳጥን የሚታዘዘው በብረት ምት ነበር። አንድ ምት ቁም፣ ሁለት ምት ወደ ላይ፣ ሦስት ምት ወደ ታች። አንድ የሰማ ሰው ሌላ እስኪሰማ ጣቱን አያነቃንቅም። የተነቃነቁትን ቀብረዋቸዋል።

«ምን ሆናችሁ? ለምን ቆማችሁ?» አለች ሶራና በየደረታቸው በታሰረው ሬዲዮ።

«ቁሙ ተባልን» አላት ላቺ።

«ማን አላችሁ? እኔ አላልኩም!»

«አንቺማ አላልሽም። ከላይ ተመታ።»

«ኧረ በፈጠራችሁ ውጡ!»

«የኔ እህት፣ ሁለት ካልተመታ እንኳን አንቺ ጳጳሱም ቢያዙን አንወጣም።»

ቲቤሪዩ ሁሉንም ሰማ። መሰላሉን እንዳቀፈ ቀረ።

«ቲቢ» አለ ላቺ፤ አሁን ቀልዱ ከድምፁ ጠፍቷል። «ትከሻዬ ዛለ።»

ያንን ትከሻ የሰበረውን ቋጥኝ ከላዩ ያነሳለት ቲቤሪዩ ራሱ ነው። ሰው አንጠልጥሎ መተው በሸለቆው ነውር ነው፤ ከነውርም በላይ ነው። ዓይኑን ከሜዳው ነቅሎ ብረቱ ላይ ተከለ። ክንዱ ወጣ፣ ደረቱ ወጣ፣ ጉልበቱ ወጣ። መንጠቆውን አሰረና ቁልፍ መፍቻውን መዘዘ። ጧ! ጧ!

የአምስት ሰው ጫማ መሰላሉን ሲረግጥ ከሥሩ ሰማ። ያኔ እፎይ ብሎ አለቀሰ። ነፋሱ ነው ብሎም አላመካኘም።

ሲወርዱ ሶራና እጁን ጨበጠችው። «አልፈዋል። ግን መጀመሪያ አንድ ለምን መቱ?»

«ተሳስቼ ነው።»

«አምስታችንን አንጠልጥለህ ተሳስቼ ነው?» ብሎ ላቺ የራስ ቁሩን በጥፊ አለው።

ኦቲሊያ ስልኩን በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች።

«አለፍኩ» አላት።

«ተመስገን!» አለች።

«በይ ሻንጣውን አውጪና ልብሴን ወደ ቁም ሳጥኑ መልሺው።»

«ትናንት ከቤት እንደ ወጣህ መልሼዋለሁ።»

«ባላልፍስ ኖሮ?»

«መልሼ እከተው ነበራ። አንተ እዚያ ላይ ተሰቅለህ፣ ሻንጣህ እዚህ ተዘግቶ ሲጠብቅህ ማየት ግን አላስቻለኝም።»