ለበጋ የተባለው ግድግዳ

የሩዝ እብቅ ዝናብ ሲመታው እንደ ረጠበ ጆንያ ያለ፣ ትንሽ ኮምጠጥ የሚል ሽታ አለው። ወረታ ውስጥ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ ኋላ ተቆልሎ ይከርማል። ባለፈው ሳምንት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሽታው አፍንጫዬን ሞላውና ቆምኩ። ባለቤቴ ወጣት ሆኖ፣ ጆንያ ተሸክሞ፣ ቅንድቡ ሳይቀር በእብቅ ቢጫ ሆኖ መጣብኝ።

አስተማሪ ነበር፤ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ። እኔ የአቅራቢያው የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ልጅ ነኝ። በተጋባን በዓመቱ ከከተማው ዳር ቤት ሠራን። ምርጊቱ የጤፍ ጭድ ይፈልግ ነበር። እሱ ግን የተጣለውን እብቅ አየና "ይህ ሁሉ ወድቆ እያለ ጭድ የሚገዛ ሞኝ ነው" አለ። ከጭቃው ጋር አቡክቶ መረገው። ሲደርቅ ፀሐይ ያረፈበት ግድግዳ ወርቅ መሰለ። እኔም ደስ አለኝ።

አሮጊቷ ጎረቤታችን ግን ግድግዳውን በጥፍራቸው ጫር አድርገው አንድ ያልተፈለፈለ የሩዝ ፍሬ አወጡ።

"መምህር፣ ግድግዳ ነው የሠራህ ወይስ ጎታ?"

ሳቀ።

ክረምት ገብቶ የፎገራ ሜዳ ውኃ ሲተኛበት የሜዳው አይጥ ወደ ከተማ ወጣ። ሰው ቤት የገባችው እህል ፍለጋ ትዞራለች፤ እኛ ቤት ግድግዳው ራሱ እህል ነበር። ቀን ሳይቀር ሲቆረጥሙ ይሰማል፤ የጭቃው ብናኝ ወለሉ ላይ ይረግፋል። ወጥመድ አጠመድን። ቀዳዳውን በአመድና በጠርሙስ ስባሪ ብንደፍነው በማግሥቱ ከአጠገቡ ሌላ ተከፈተ። ከገበያ የገዛነውን መርዝ በልተው እዚያው ግድግዳው ውስጥ ሞቱ፤ ሽታው እህል አላስቀምስ አለን። ድመት ብንዋስ ጠግባ ተኛች።

ነሐሴ ላይ የበኩር ልጃችንን አጥቤ፣ ቅቤ ቀብቼ በቀትር አስተኛሁት። ጩኸቱን ሰምቼ ስሮጥ የእግሩ አውራ ጣት ደም በደም ሆኗል።

እናቴ ወሬውን ሰምታ በዚያ ጎርፍ መጣች። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም።

"ልጄን ለሰው ነው የሰጠሁ፤ ለአይጥ ቀለብ አልሰጠሁም። ተነሽ፣ ልጅሽን እዘይ!"

"እማማ፣ እስከ በጋ ይታገሡኝ" አላት ባለቤቴ።

"አይጧስ እስከ በጋ ትታገሥሃለች?"

ልብሴን መቋጠር ጀመርኩ። እሱ ዶማውን አንሥቶ ግድግዳውን ይንደው ገባ። ጎረቤቶች "በነሐሴ ቤት ይፈርሳል እንዴ! አበደ!" እያሉ ወጡ። ከጭቃው ጋር ገና ፀጉር ያላበቀሉ የአይጥ ግልገሎች ይወድቁ ነበር። ቤታችን በሦስት በኩል በማገር ብቻ ቆሞ ከመንገድ ወዲያ ማዶ አሳየ። አሮጊቷ ይህን አይተው ለላማቸው ያስቀመጡትን የጤፍ ጭድ አሸክመው መጡ።

"ላሜም ከእኛ ጋር ፍልሰታን ትጹማ!"

ያን ጊዜ እናቴ ሳታስበው ሳቀች። ቀሚሷን ሰብስባ ጭቃው ውስጥ ገብታ ትረግጥ ጀመር። እኔም ቋጠሮዬን ፈታሁ።

ሦስቱን ግድግዳ መርገን እሳት እያነደድን አደረቅነው። ገና ያልፈረሰው፣ ከአልጋችን ራስጌ ያለው ላይ ስንደርስ ጭዱ አለቀ፤ ከነእብቁ ቀረ።

"ይቺ ለበጋ ትቆይ" አለ።

በጋው መጣ፤ ሁለተኛ ልጅ ተወለደ። በሌላው በጋ እሱ ታመመ። ደግሞ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ደግሞ የልጆች ትምህርት መጣ። ሲመሽ ወጥመዱን ከአልጋው ሥር ያኖራል። እኔ አልጋውን እያነጠፍኩ "ይህ ግድግዳ..." እላለሁ። እሱ "ለበጋ" ይላል። በዚህች ቃል ዕድሜያችንን ሙሉ ተጣላን፤ ሌላ የምንጣላበት ነገር የሌለን ይመስል።

ባለቤቴ ያረፈው አምና ዝናቡ አባርቶ በጋው ሲገባ ነው። አርባው እንደ ወጣ የበኩር ልጄ፣ ያ አይጥ የነከሰችው፣ ግንበኛና ሲሚንቶ ይዞ መጣ። ጠዋት የጀመሩት ለምሳ አለቀ።

ለምሳ!

ዘንድሮ ሜዳው ውኃ ሲሞላ አንዲት አይጥ አልገባችብኝም። ጎረቤቶች "እንኳን ተገላገልሽ" ይሉኛል። ወጥመዱ እሱ ካኖረበት ከአልጋው ሥር አለ። ሲመሽ አልጋውን አነጥፍና "ይህ ግድግዳ..." ብዬ እጀምራለሁ።