ያልተጠየቀው ጾም

ወንድም ጋሼ መርስዔ ኀዘን ከጣናዋ ደቅ ደሴት ርቀው የሄዱት በዕድሜያቸው በአንድ ሰሞን ብቻ ነው፤ እሱም ለሕክምና። ታላቄ ናቸው፤ እናታችን ስትሞት እሳቸው ናቸው ያሳደጉኝ። ጧት ከማሕሌት ወጥተው እርሻ ይወርዱ ነበር። ቦራ የሚባል አንድ በሬ ነበራቸው። እሱን ከጎረቤታችን ከክንዱ በሬ ጋር እያቀናጁ ሁለቱም በተራ ዳጉሳቸውን ይዘሩ ነበር።

በደርጉ ዘመን፣ ገበሬ ማኅበሩ ያለ ይለፍ ወረቀት ሰው በማያስወጣበት ጊዜ፣ በሑዳዴ ከሰው ሁሉ ጾም ሌላ ጨምረው ያዙ፤ ማታ እፍኝ ጥሬ ሽምብራ፣ በቃ። አንድ ቀን እርሻ ላይ ሞፈሩን እንደያዙ ወደቁ። ወረቀቱን ለምኜ በጀልባ ባሕር ዳር ወሰድኋቸው።

የሐኪም ቤቱ ወረፋ አጥሩን አልፏል። ተራቸው ሲደርስ ዘበኛው እኔን በር ላይ አስቀረኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ እንኳ ሳልቀመጥ ወንድም ጋሼ ወረቀት ይዘው ወጡ።

«ሐኪሙ ምን አለዎት?»

«ምን ሆኑ አለኝ፤ ደከመኝ አልሁት። ደረቴን አዳመጠና፣ ልብዎ ሳይሆን አይቀርም፣ አዲስ አበባ ይታዩ አለኝ።»

«ጾሙንስ ነገሩት?»

«ጾም ይነገራል እንዴ፣ የብርጓል? አውርቼ ዋጋዬን ልጣ? ቢጠይቀኝ አልዋሸውም ነበር። አልጠየቀኝም።»

እኔ ልንገረው ብዬ ስነሳ ዘበኛው በዱላው አገደኝ። «እመት፣ ሐኪሙ አንድ፣ ሕዝቡ ይኸ ሁሉ! ተራችሁ አልፏል።»

ጾሙ ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር። ግን ሐኪም ልብ ካለ በኋላ ማን ደፍሮ ቤቱ ይቀመጣል? ደቅ ተመልሰን፣ ለአዲስ አበባው መንገድ ቦራ ተሸጠ። ገዢው እየጎተተ ሲወስደው ወንድም ጋሼ ፊታቸውን አዙረው ቆሙ።

አዲስ አበባ ተራ ስንጠብቅ ፋሲካም አለፈ፤ የቦራ ገንዘብ በአልጋና በምግብ አለቀ። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም አጠገባቸው ቁጭ ብላ ስለ እርሻው፣ ስለ ቤቱ፣ ስለሚበሉት ሁሉ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ተጠየቁና ተናገሩ።

«አባቴ፣ ልብዎ ደህና ነው። የጣለዎት ረኀብ ነው» አለቻቸው። «ይኸን ለመስማት ነው ከጣና እዚህ ድረስ የመጡት?»

ወንድም ጋሼ ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ሲስቁ አላየኋቸውም።

ደቅ ስንመለስ ዝናቡ ገብቷል። ክንዱ ከሌላ ሰው ጋር ተቀናጅቶ ያርሳል። «ምን ላድርግ ጋሼ፣ መሬቱ አይጠብቀኝ» አለ፤ አልፈረድሁበትም። ወንድም ጋሼ በዶማ ቆፈሩ። ያችው ጥቂት ዳጉሳ እስከ ገና እንኳ አላደረሰችንም። ሑዳዴ ሲመጣ ተጨማሪ ጾም መያዝ አላስፈለገም፤ ፊቱኑም የሚበላ የለም።

በዚያው ሑዳዴ ጓሮ ሲቆፍሩ ወደቁ።

«ልውሰድዎ፣ ባሕር ዳር» አልኋቸው።

ባዶውን በረት አዩና፣ «በምን፣ የብርጓል?» አሉኝ።

በማግሥቱ ቀበርናቸው። ልባቸው ይሁን ረኀቡ፣ እስካሁን አላውቅም።