የመብላት ተራ

ደቡብ አፍሪካ፣ ቮስሎሩስ ውስጥ ሀቢሶ ሱቅ ባለበት ሰፈር እሱን የማያውቅ ሰው የለም፤ ስሙን የሚያውቅ ግን ከተገኘ አንድ ሁለት ሰው ቢሆን ነው። ዳቦ ገዢውም፣ የስልክ ኤርታይም ገዢውም፣ ፓራፊን የሚሉትን ነጭ ጋዝ ሊገዛ የተላከውም «ማይ ፍሬንድ» ነው የሚለው። እሱም መልሶ ሁሉንም «ማይ ፍሬንድ» ይላል። በብረት ፍርግርጉ መስኮት ገንዘብ ይገባል፣ ዳቦ ይወጣል፣ ቀኑም እንዲሁ ይመሻል።

ሀቢሶ ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ተነስቶ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ አቆራርጦ የመጣ ሰው ነው። ስለዚያ መንገድ ቢጠይቁት ወሬ ይቀይራል። ሌላውን መጠየቅ ግን ነፍሱ ነው። ከቀብር የሚመለሰውን ምን እንደተበላ፣ የታክሲ ሾፌሩን ለምን መንገድ እንደቀየረ፣ አዲስ ጫማ ያደረገችዋን ከየት እንደገዛች ሳይጠይቅ የገንዘባቸውን መልስ አይሰጥም። «ይሄ ሰውዬ ሱቅ የከፈተው ሊሸጥ አይደለም፣ ሊጠይቅ ነው» ትላለች ሚስቱ ድንቅነሽ።

ባለፈው ገና ታዲያ ሳንድተን ቢሮ ውስጥ የምትሠራው ልጃቸው ፍሬገነት መጣችና፣ «አባዬ፣ እማዬ፣ ለሃያ አምስተኛ ዓመታችሁ ሴንት ሉሲያ ልልካችሁ ነው። ሆቴሉን ቡክ አድርጌዋለሁ፤ እምቢ የሚባል ነገር የለም» አለቻቸው።

ሀቢሶ ደስ አለው። ሴንት ሉሲያን ያውቃታላ! እዚሁ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ፣ ከደርባን ወዲያ ባሕር ዳር ያለች፣ ሲመሽ ጉማሬ በመንገዷ የሚንሸራሸርባት ከተማ ናት። ወዲያው የታክሲ ሾፌሩን በቀጥታ የሚሄድ መኪና እንዳለ ጠየቀው። ለደንበኛውም ሁሉ «ጉማሬ ልናይ ነው» እያለ አወራ።

ያረሙት ማ ኖምቩላ ናቸው። ማ ኖምቩላ ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት በመንገደኛ መርከብ ላይ አስተናጋጅ ሆነው የካሪቢያንን ደሴቶች እንደ ጓሯቸው የዞሩ ሴት ሲሆኑ፣ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ዳቦ ሊገዙ ይመጣሉ። ልጅቷ የላከችውን የሆቴሉን ፎቶ በስልኩ ሲያሳያቸው ሳቃቸው መጣ።

«ማይ ፍሬንድ፣ ይሄ የእኛው ሴንት ሉሲያ አይደለም እኮ! ይሄ ባሕር ማዶ ያለው ደሴት ነው። አውሮፕላን ላይ አድረህ፣ ወርደህ፣ ደግሞ ሌላ አውሮፕላን ላይ ትወጣለህ። ጉማሬ የሚባል የለበትም።»

«ታክሲስ አለ፣ ማ?»

«ታክሲማ አለ፤ ከቮስሎሩስ አይነሳም እንጂ።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይሄ ነው። ሰፈሩ «ጉማሬው እንዴት አደረ?» እያለ ሰነበተበት። ሀቢሶ ግን ማፈሩን ወዲያ ብሎ መጠየቁን ተያያዘው። ማ ኖምቩላም በየጠዋቱ በፍርግርጉ ዳቦ እየተቀበሉ ምክር ያቀብሉት ጀመር።

«መጀመሪያ ሰላምታ ነው። ደህና አደራችሁ ሳትል ዋጋ ከጠየቅክ ባለጌ ነው የምትባለው» አሉት። ይሄ አላስቸገረውም፤ እዚህስ ቢሆን «ሳውቦና» ሳይል ዳቦ የሚጠይቅ ማነው? በሌላ ቀን ደግሞ፣ «ያንን የወታደር የመሰለ ዝንጉርጉር ጃኬትህን እንዳትይዝ፤ እዚያ ሲቪል ሰው እንዳይለብሰው በሕግ የተከለከለ ነው» አሉት። ጄፒ ካለው የአበሻ ገበያ መርጦ የገዛው፣ ከትከሻው የማይለየው ጃኬት ነበር፤ ቅር እያለው ለድንቅነሽ ወንድም ለደጉ ሰጠው። ስለ ሂሳብም ነገሩት፤ የአገልግሎት ተብሎ የተጨመረ ካለ ሌላ ጉርሻ አይጠበቅበትም። ከሁሉ የገረመው ግን የምግቡ ነገር ነው።

«ሜኑው ላይ አረንጓዴ በለስ የሚል ብታይ በለስ እንዳይመስልህ» አሉት። «ሙዝ ነው። ሙዝን በለስ ይሉታል። ጥሬውን ቀቅለው ከጨው ዓሣ ጋር ነው የሚያቀርቡልህ።»

ይሄኛው እንቅልፍ ነሳው። ሙዝ የእንሰት እህት አይደለች እንዴ? የእንሰት አገር ልጅ ሆኖ የተቀቀለ ሙዝ ከዓሣ ጋር ምን ምን እንደሚል አለማወቁ ከነከነው። ከመደርደሪያው ሙዝ አንስቶ ሞከረ፤ የበሰለ ሙዝ ስለነበር ገንፎ ሆነና ድንቅነሽ ድስቷን ቀማችው።

«ደግሞ ትዕግሥት ያዝ» አሉት ማ ኖምቩላ አንድ ቀን። «ትንንሾቹ ምግብ ቤቶች ምግቡን አብረው ላያመጡት ይችላሉ፤ የደረሰው ይቀድማል። የአንተ መጥቶ የእሷ ቢቆይ እንዳትቆጣ። እስኪ እዚሁ ወጣ እያላችሁ ተለማመዱ። ለመሆኑ ሚስትህን ምግብ ቤት የወሰድካት መቼ ነው?»

ሀቢሶ አሰበ፣ አሰበ። አንድም ቀን አልመጣለትም።

ሱቅ ነዋ! ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ መስኮቱ ባዶ አይተውም። ባልና ሚስቱ ዘመናቸውን ሁሉ የበሉት በተራ ነው። ድንቅነሽ ምግቡን አቅርባ መስኮቱ ጋ ትመጣና «ተራህ ነው» ትለዋለች። እሱ ከመጋረጃው ኋላ ገብቶ፣ የሩዝ ከረጢት ላይ ቁጭ ብሎ፣ በልቶ ይወጣና «ተራሽ ነው» ይላታል። ቸርች እንኳ የሚሄዱት እሱ በጠዋቱ ፕሮግራም፣ እሷ በከሰዓቱ ነው። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። እነዚህም ከአንድ ድስት ይቀዳላቸዋል፤ አብረው ግን አይቀርቡም።

ደጉን መስኮቱ ላይ አቁመው ቦክስበርግ ሞል ውስጥ አንድ ዓሣ ቤት ገቡ። ሀቢሶ ቀድሞ በሩን የሚያሳየውን ወንበር ያዘ። አስተናጋጁ ሲመጣ ብድግ ብሎ ጨበጠው። ሁለቱ ሳህኖች ሲቀርቡ ደግሞ ድንቅነሽ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«የት ነው?» አላት።

«አንተ ብላ፣ እኔ...» አለችና ግራ ቀኝ ብታይ መስኮት የለም። ተመልሳ ተቀመጠች።

እሱስ የተሻለ መሰላችሁ? እሷ የዓሣውን አጥንት ስትለቅም እሱ ጨርሶ፣ አፉን ጠርጎ፣ «በይ ተራሽ ነው» ብሎ ቆመ። አስተናጋጁ ሂሳብ የፈለገ መስሎት እየሮጠ መጣ። ሁለቱም እስኪበቃቸው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ወሬውም አብሮ አለቀ። ስለ ዱቄት ዋጋ ትንሽ ተባባሉ። ከዚያ እሱ በሩን፣ እሷ እጇን ሲያዩ ቆዩ። አገር ምድሩን ሲጠይቅ የሚውል ሰው ለገዛ ሚስቱ ጥያቄ አጣ።

በመመለሻው መንገድ ሀቢሶን ፍርሃት ያዘው። ፍርግርግ በሌለበት፣ ደንበኛ በሌለበት፣ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳምንት ሙሉ! ምን ሊባባሉ ነው?

«ድንቄ» አላት ቤት እንደገቡ፣ «አንቺና ፍሬ ብትሄዱ አይሻልም? ደጉ ሱቁን ብቻውን አይችለውም።»

ድንቅነሽ ጫማዋን እያወለቀች ነበር፤ አንዱን እንዳደረገች ቀና አለች።

«የፍሬ አባት፣ እኔ ባሕር ሳላይ ብሞት አይቆጨኝም። እኔን ያማረኝ አንድ ጊዜ ካንተ ጋር ቁጭ ብዬ መብላት ነው። አንተ ካልሄድክ እኔም አልሄድም።»

ብትቆጣው ይሻለው ነበር። አልተቆጣችም፤ ሌላውን ጫማዋን አውልቃ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ማ ኖምቩላ ሲመጡ ዳቦውን በእጁ ይዞ አላቀበላቸውም። «ማ፣ ሰው ማዕድ ላይ ተቀምጦ ምንድነው የሚያወራው?»

ሴትዮዋ ፍርግርጉን ተደግፈው ትኩር ብለው አዩት። «የእኔን የጫማ ቁጥር ሳይቀር ጠይቀህ የምታውቅ ሰውዬ ይሄን ትጠይቀኛለህ? እሷንስ አንድ ነገር ጠይቀሃት ታውቃለህ? በል ዳቦዬን አምጣ።»

ሁለተኛው ልምምድ ትሮይቪል፣ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ውስጥ ሆነ። እሱ የተጠበሰ ዶሮ አዘዘ። ድንቅነሽ ሾርባ አዘዘችና አስተናጋጇን መልሳ ጠርታ፣ «ትኩስ ይሁን፣ እሺ ልጄ? የሚያቃጥል ይሁን» ብላ አደራ አለቻት። ሀቢሶ ሚስቱ ሾርባ ስትጠጣ አይቶ አያውቅም።

«ሾርባ ትወጃለሽ እንዴ?» አላት። ስለ ራሷ የጠየቃት የመጀመሪያ ጥያቄው ነበር።

«ሾርባውን እንኳ አይደለም፤ ትኩስነቱን ነው።»

«ቤት ትኩስ አትበዪም?»

«ኧረ አንተ! ሁለተኛ ተራ ምን ትኩስ አለው? አንተ በልተህ እስክትወጣ ይቀዘቅዛል።»

«አታሞቂውም ታዲያ?»

«ሳሞቀው ‹ድንቄ፣ ሻማው የት ነው?› ትላለህ። ሻማውን ፈልጌ ሳቀብልህ መልሶ ይቀዘቅዛል። ኋላ ተውኩት። ለመድኩት እኮ፣ ቀዝቃዛ ወጥም ሆድ ይሞላል።» እየሳቀች ነው ያለችው። ሾርባውን በማንኪያ ቀድታ እፍ እፍ ትላለች፤ ፊቷ በእንፋሎቱ ወዝቷል።

ሀቢሶ የዶሮውን ሳህን ገፋ አደረገው። የሰፈሩን ሰው ቀብር ላይ የተበላውን ሳይቀር ሲመረምር ኖሮ፣ ከመጋረጃው ኋላ ያለውን የሚስቱን ሳህን አንድ ቀን ነክቶ አላየም። አፈረ፤ ከጉማሬው ቀን የባሰ አፈረ። ግን የሚገርመው ፍርሃቱ ለቀቀው። በዚያው ጥያቄውን ያከታትልባት ጀመር። ልጅ ሆና ምን ትወድ እንደነበር፣ ከሰዓት ቸርች ስትሄድ አጠገቧ ማን እንደሚቀመጥ፣ መስኮቱ ጋ ስትቆም ምን እንደምታስብ ጠየቃት። አንዳንዱን መለሰችለት፣ አንዳንዱን «አንተ ምን አገባህ!» ብላ ሳቀችበት።

ፍሬገነት አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘቻቸው። ደጉ ዝንጉርጉሩን ጃኬት ለብሶ መስኮቱ ላይ ቀረ።

ሴንት ሉሲያ በገቡ በማግስቱ ለምሳ ከሆቴላቸው ወጥተው ባሕሩ ዳር ያለች ባለ ቆርቆሮ ክዳን ምግብ ቤት ገቡ። ሀቢሶ ከምግብ አብሳይዋ እስከ ዓሣ አጣቢው ድረስ ያገኘውን ሁሉ ሰላም አለ። ከዚያ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ፣ ከሚስቱ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ሜኑውን ሳያነብ «አረንጓዴ በለስ» አለ። ድንቅነሽ የዓሣ ሾርባ አዘዘች።

የእሱ ቀድሞ መጣ። ግራጫ ያዘለ የተቀቀለ ሙዝ፣ በላዩ በሽንኩርትና በቃሪያ የተጠበሰ የጨው ዓሣ፣ እንፋሎቱ እየተነሳ። ከገና ጀምሮ በሐሳቡ ሲያኝከው የከረመው ምግብ ነው። ሽታው አፍንጫው ሥር ደረሰ፣ ምራቁን ዋጠ።

«ይብሉ ጌታዬ» አለችው አስተናጋጇ። «የእሳቸው ሾርባ ትንሽ ይቆያል።»

ሀቢሶ ሹካውን አነሳ። ድንቅነሽን አያትና መልሶ አስቀመጠው። ሙዙ ከየት እንደሚመጣ፣ ዓሣውን ስንት ጊዜ እንደሚያጥቡት አስተናጋጇን ይጠይቃት ገባ። እንፋሎቱ ሳሳ፣ ቆየና ጠፋ።

«ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዝብሃል!» አለች ድንቅነሽ። «ያን ሁሉ ወር ስለ እሱ ስትጠይቅ ከርመህ፣ ድስቴን አበላሽተህ፣ አሁን ቁጭ ብለህ ታየዋለህ?»

«ይቀዝቅዝ።»

ሾርባው መጣ፤ እየፈላ ነበር። ድንቅነሽ ማንኪያዋን አንስታ እፍ አለችበት። ያኔ ሀቢሶ ሹካውን ያዘና የመጀመሪያውን ቁራሽ አፉ ከተተ።

«ቀዘቀዘ አይደል?» አለችው።

«አዎ» አላት እያኘከ። «ተራዬ ነው።»